ከኮርኒስ በላይ

አንድ ሕንፃ ሲመረቅ እንግዶች የሚያዩት ምኑን ነው? ወለሉን ያያሉ፤ ቀለሙን ያያሉ፤ መስታወቱን መታ መታ አድርገው «ጥሩ ነው» ይላሉ። ሪባን ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል፣ ለስላሳ ይታደላል። «እስቲ መሰላል አምጡልኝ» ብሎ፣ ኮርኒሱን ገለጥ አድርጎ፣ ባትሪ አብርቶ ወደ ውስጥ የተመለከተ የክብር እንግዳ ግን እስካሁን አላጋጠመንም። የእኛ እንጀራ ደግሞ ያለው እዚያ ነው፤ ከኮርኒሱ በላይ፣ ከሶሌታው በታች፣ አንድ ክንድ በማትሞላው ክፍተት ውስጥ።

ይህን የምንጽፈው በአዊ ዞን፣ እንጅባራና ዳንግላ እየተመላለስን ኬብል ትሬይ የምንገጥም፣ የተገጠመውንም የምንጠግን አራት ጓደኛሞች ነን። ኤሌክትሪክ ተምረን፣ ሠርተፊኬታችንን ላስቲክ አስለብሰን፣ ሥራ ስናጣ በማኅበር የተደራጀን። «ምን ትሠራላችሁ?» ስንባል «ትሬይ እንገጥማለን» ካልን ሰው ዝም ይላል። «ኤሌክትሪሺያን ነን» ካልን ደግሞ «እኔ ቤት አንድ የማትሠራ ሶኬት አለች…» ብሎ ይጀምራል። ስለዚህ እንደ ጊዜያችን እንመልሳለን።

ትሪና ትሬይ

ትሬይ ማለት ስሙ ሻይ ከምታቀርቡበት ትሪ ጋር አንድ ነው። ሥራውም ብዙ አይለይም፤ ብርጭቆ በመሸከም ፈንታ ኬብል ይሸከማል። ከቆርቆሮ የተጣጠፈ፣ ጎንና ጎኑ ከፍ ያለ፣ ወለሉ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ረጅም ገበታ ነው። ዋናው ኳድሮ ካለበት ክፍል ይነሳና በኮሪደሩ አናት ተጉዞ ለየክፍሉ ቅርንጫፍ ይሰጣል። ወፍራም የኃይል ኬብል ለሚሄድበት መሰላል የሚመስል ዓይነት አለ፤ ለቀጭኖቹ ከሽቦ የተሠራ ቅርጫት መሰል አለ። ኬብልን ግድግዳ ውስጥ ቀብሮ በሲሚንቶ ከመምረግ ይልቅ ትሬይ ላይ የማስኬድ ጥቅሙ በአጭሩ ይታያል ማለት ነው። የሚታይ ነገር ይጠገናል፣ ይጨመርበታል፣ ሲያረጅም ይነቀላል።

በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ሲገባላቸው የነበራችሁ ሰዎች ታስታውሱ ይሆናል፤ ብዙ ቦታ ገመዱ ግድግዳ ላይ በምስማር እየተመታ ነበር የሚሄደው። ለአንድ ቴሌቪዥን እሱም ይበቃል። ዛሬ ግን አንድ መካከለኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር መስመር፣ የካሜራ መስመር፣ የስልክ መስመር፣ የጄኔሬተር መስመርና ፋይበር አለው። እንጅባራ የዞን ከተማ ነው፤ ከአራተኛው ትውልድ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱም እዚያው ነው። ዳንግላም ባንኩና ሆቴሉ ፎቅ በፎቅ ላይ እየደረበ ነው። በምስማር የሚሆን ነገር አይደለም።

ደግሞ ቦታው ራሱ የኤሌክትሪክ ቦታ ነው። ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው መንገድ በቻግኒ አድርጎ ጉባ ይደርሳል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ ሕዳሴ ግድብ ያለው እዚያ ነው። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስም ከዳንግላ ብዙ አይርቅም። ሜጋ ዋቱን የማያውቅ የሻይ ቤት ደንበኛ የለም፤ እየተከራከረ በቃሉ ይነግርሃል። ያ ሁሉ ኃይል ተሸንሽኖ፣ ተቀንሶ፣ ተከፋፍሎ መጨረሻ ላይ የሚያልፍባትን አሥር ሜትር ቆርቆሮ ግን የሚጠይቅ የለም። እሳት የሚነሳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ መጨረሻ ላይ ነው።

የከሰል መኪና

ትሬይ ዳንግላ አይመረትም፤ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። የሚያመጣልን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሰል የጫነ አይሱዙ ነው። ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዴከረንስ የሚባለውን ግራር ተክሎ፣ ከሰል አክስሎ ይሸጣል። አይሱዙው ከሰሉን አዲስ አበባ አራግፎ ባዶውን ከሚመለስ የእኛን ብረት ቢጭን ለሁላችንም ይረክሳል። ችግሩ ትሬያችን ጥላሸት ተቀብቶ፣ አንዳንዱም ጎኑ ተጣሞ መድረሱ ነው። የመጀመሪያው የሥራ ቀን ትሬይ ማጠቢያ ነው፤ እጃችንን ያየ ሰው ከሰል ነጋዴ ይለናል። (ኤሌክትሪክ ለመዘርጋት የሚያስፈልገንን ብረት የከሰል ገበያ ያመጣልናል። በዚህ ላይ የሚፈላሰፍ ይፈላሰፍበት፤ እኛ የምናውቀው የጭነቱን ዋጋ ነው።) ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ መንገዱ የሚዘጋበት ቀን ስለበዛ «ትሬዩ መጥቷል?» ከማለታችን በፊት «መንገዱ ተከፍቷል?» ማለት ለምደናል።

የብረቱ ዓይነት ጭቅጭቅ አለው። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በ450 ዲግሪ ግድም በቀለጠ ዚንክ ውስጥ የተነከረ ትሬይ አለ፤ ልባሱ 45 ማይክሮንና ከዚያ በላይ ነው። ቆርቆሮው ቀድሞ ተለብጦ፣ ከዚያ ተቆርጦና ተበስቶ የተሠራም አለ፤ የተለመደው ልባሱ በአንድ ጎን ወደ 20 ማይክሮን ነው፤ የተቆረጠው ጠርዝና የተበሳው ቀዳዳ ደግሞ ራቁቱን ነው። ሲያዩዋቸው ሁለቱም ያብለጨልጫሉ። ዋጋቸው ግን ይለያያል፤ ውል ላይ የመጀመሪያው ተጽፎ ሁለተኛው የሚመጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ደረቅ አገር ቢሆን ልዩነቱ ቶሎ ላይታወቅ ይችላል። የአዊ ደጋ ግን ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት የሚያረጥብ ነው። ሌሊት ቆርቆሮ ጣሪያው ሥር ጤዛ ይቋጥርና ንጋት ላይ ጠብ ጠብ ይላል፤ የሚያርፈው ትሬዩ ላይ ነው። ሁለት ክረምት ሳያልፍ ጠርዙ ቡና ዓይነት ይሆናል። እኛ ትሬይ በቆረጥን ቁጥር ጠርዙን ሞርደን ዚንክ ያለበት ቀለም የምንቀባው ለዚህ ነው። ተቋራጩ «እናንተ ሠዓሊ ናችሁ ወይስ ኤሌክትሪሺያን?» ይለናል።

የጣልያን አፍ

የሙያችን ቋንቋ ጉደኛ ነው። ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ሰጌቶ፣ ትራፓኖ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ስካቶላ፣ ናስትሮ፣ ኳድሮ፤ ሁሉም የጣልያን ነው። ፊሸር ብቻ የጀርመን ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. ያቺን ግድግዳ ውስጥ ገብታ ብሎን የምታጠብቅ ፕላስቲክ የፈለሰፈው አርተር ፊሸር የሚባል ሰው ነው፤ ስሙ እዚያው ቀረ። እንጅባራ ደግሞ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን የሚያከብርባት ከተማ ናት። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ የሚነገርለት ሲሆን ጣልያንን የተዋጉትን አርበኞችና ፈረሶቻቸውን ይዘክራል። ያን ቀን ሥራ አይታሰብም። ፈረሱ አሸብርቆ ሜዳው ሲጥለቀለቅ እኛም ካቻቢቴያችንን ኪሳችን እንደያዝን እናጨበጭባለን።

ወደ ሥራው እንመለስ። መጀመሪያ ስፓጎ ተወጥሮ መስመሩ ይታያል፤ ሌቭሉ እንደ ግንበኛ በውሃ ጎማ ይለካል። ሶሌታው በትራፓኖ ይበሳል፣ ጥርስ ያለው የብረት ዘንግ ይንጠለጠላል፣ በዘንጎቹ መካከል ተሸካሚው ብረት ይታሰራል፣ ትሬዩ እዚያ ላይ ይተኛል። የተሸካሚው ርቀት ዋናው ነገር ነው። እኛ በየአንድ ሜትር ተኩሉ እናደርጋለን። በየሦስት ሜትሩ አድርጎ ከዘንጉ ግማሹን ያተረፈ ሰው ትሬዩ ባዶ ሳለ ያማረ ሥራ ያሳይሃል። ኬብል ሲጫንበት ግን ሆዱ ይወርዳል፤ መጋጠሚያው ይከፈታል። መጋጠሚያው ላይ ብሎኑ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚገባው፤ ለስላሳው ራሱ ወደ ኬብሉ፣ ዳዶው ወደ ውጭ። ተገልብጦ ከገባ የብሎኑ ጥርስ ኬብሉ ሲጎተት ልባሱን እንደ ቢላ ይሰነጥቀዋል። ይህን ማንም ያውቀዋል። ግን መሰላል ላይ አንገትህን ቀልሰህ፣ አፍህ ውስጥ ሦስት ዳዶ ይዘህ ስትሠራ ከውጭ ወደ ውስጥ መክተት ይቀልሃል። ጥሩና መጥፎ ሥራ የሚለየው በዚህች ነው።

ከዚያ ግራውንዱ አለ። ትሬይ ብረት ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር በኤሌክትሪክ የተያያዘና ከመሬት የታሰረ መሆን አለበት። አንድ ቦታ ኬብል ተልጦ ብረቱን ቢነካ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት ይሮጥና ብሬከሩን ይጥለዋል። ግራውንድ ከሌለው ግን ትሬዩ በሙሉ፣ 40 ሜትርም ይሁን 100፣ ዝም ብሎ ሰው ይጠብቃል፤ ኮርኒስ ሊቀይር የወጣ ልጅ፣ አምፖል ሊፈታ የወጣ የጥበቃ ሠራተኛ። አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ በየመጋጠሚያው ስናስር «ይኼ ደግሞ ለጌጥ ነው?» ተብለን እናውቃለን።

ቀርቀሃውና አባባ

እንጅባራ ላይ አልቤርጎ የሚያሠሩ አንድ አባት ነበሩ። የትሬዩን ዋጋ ሲሰሙ ደነገጡ፤ አንድ ቀን አሰቡበትና መጡ።

«ልጆች፣ ይህን ሁሉ ብረት ከአዲስ አበባ ከምታስመጡ ቀርቀሃ ሰንጥቀን ብንሰቅለውስ? ቀላል ነው፤ ደግሞ አይዝግም።»

በዚህ ደጋ ቀርቀሃ አጥር ነው፣ ቅርጫት ነው፣ ወንበር ነው፣ ጣሪያ ነው፤ ጥያቄያቸው ከንቱ አልነበረም። ቀላልነቱ እውነት ነው፤ አለመዛጉም እውነት ነው። ኤሌክትሪክ አለማስተላለፉንም ጨምረው ቢከራከሩን ለጊዜው እንቸገር ነበር።

«አባባ፣ ይነቅዛል እኮ» አልናቸው።

«ጭስ ከጠገበ አይነቅዝም።»

«እኛማ የምንፈራው ጭሱ ከኬብሉ እንዳይመጣ ነው።»

ሳቁ። ብረቱ መንገዱን የሳተውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት እንደሚወስድ፣ ቀርቀሃው ግን የጋለ ኬብል ሲያገኝ ማገዶ እንደሚሆን ነገርናቸው። ቀስ ብለው «እሺ፣ ከላይ ብረት ይሁን፤ ከታች ግን ቀርቀሃዬን አትከልክሉኝ» አሉ። የዚያ አልቤርጎ ኮሪደር ዛሬ ኮርኒሱ የተጠለፈ ቀርቀሃ ነው፤ እንግዳ ሁሉ ፎቶ ይነሳበታል። ከላዩ ያለውን ትሬይ ማንም አያውቀውም። አንዱ ክፍል ተነቃይ እንዲሆን ስለተስማሙልን ለጥገና መግቢያ አለን፤ ከብዙ የጂፕሰም ኮርኒስ የተሻለ።

ሙቀትና ብርሃን

ኬብል ሥራ ላይ ሲሆን ይሞቃል፤ ሙቀቱ መውጫ ይፈልጋል። ዓለም አቀፉ የአይ.ኢ.ሲ. ደንብ ይህን በቁጥር አስቀምጦታል። ለብቻው 100 አምፒር የሚሸከም ኬብል ከሌሎች ስምንት የሥራ ጓደኞቹ ጋር አንድ ላይ ታስሮ ከሄደ 50 አምፒር ብቻ እንዲሸከም ይፈቀድለታል። እነዚያው ዘጠኙ ቀዳዳማ ትሬይ ላይ ጎን ለጎን በአንድ ረድፍ ቢተኙ ግን እያንዳንዱ 72 ይሸከማል። ልዩነቱ በአደራደር ብቻ የመጣ ነው። ለዚህ ነው ትሬይ ላይ ኬብል እንደ ድርቆሽ ሲከመር የሚያመን። የሚከምሩት ደግሞ መጀመሪያ የዘረጉት አይደሉም። ትሬይ አንዴ ከተሰቀለ የሕዝብ መንገድ ይሆናል፤ የካሜራ ገጣሚው፣ የደወል ገጣሚው፣ የኤሲ ገጣሚው እያንዳንዱ በላዩ ወርውሮ ይሄዳል። ማን የማን እንደሆነ የሚገልጽ ምልክት የለም። የተቋረጠውን አሮጌ ኬብል የሚያወጣ የለም። አንድ ዳንግላ ያለ ሕንፃ ውስጥ ከትሬዩ ያወጣነው የሞተ ኬብል ሦስት ማዳበሪያ ሞላ፤ ከሥሩ የነበረው በሕይወት ያለው ኬብል ልባሱ ከሙቀት ለስልሶ እርስ በርሱ ተጣብቆ ነበር። እኛ ከመድረሳችን በፊት ለብዙ ወራት እዚያ ኮሪደር የሚያልፉ ሰዎች «የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል» ይባባሉ ነበር። የሸተተው ክፍል የሻይ ክበቡ አጠገብ ስለነበር ጥፋቱ የሻይ ክበቡ ሆኖ ቆየ።

ፋይበር ሌላ ፍጡር ነው። ብርሃኑ የሚሄድባት እምብርት 9 ማይክሮን ናት፤ መስታወቱ በሙሉ ተደምሮ 125 ማይክሮን ነው፤ ከጸጉር እምብዛም አይወፍርም። ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ አጠገቡ የኃይል ኬብል ቢያልፍም ወሬው አይረበሽም። ስለዚህ «ፋይበርን ከኃይል የምንለየው እንዳይረበሽ ነው» የሚሉ ሰዎች የተቀላቀለባቸው ከመዳብ የኔትወርክ ኬብል ጋር ነው፤ የሚረበሸው እሱ ነው። ፋይበሩን የምንለየው በክብደት ነው። አራት ሰው የሚጎትተው የኃይል ኬብል ላዩ ላይ ከወደቀ ይደቅቃል። ሌላው ጠላቱ መታጠፍ ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፋይበር ኬብል እየተጎተተ ሳለ ከ20 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ራዲየስ፣ ከተኛ በኋላም ከ10 ባነሰ መታጠፍ የለበትም። ስለዚህ የትሬዩ ማዕዘን እንደ ሳጥን ጥግ ቀጥ ያለ ሳይሆን ሰፋ ብሎ የሚዞር መሆን አለበት። ሦስተኛው ጠላቱ አይጥ ናት። የአዊ አይጥ መስታወት አትበላም፤ ልባሱን ግን ትወደዋለች።

ፋይበር የተሰበረበትን ቦታ ለመፈለግ ከጫፉ ቀይ ብርሃን እንልካለን። የክፍሉን መብራት አጥፍተን ኮርኒስ ውስጥ ጭንቅላታችንን ስንከት፣ ስብራቱ ላይ ብርሃኑ በቀጭኑ ልባስ በኩል እንደ ፍም ቀልቶ ይታያል። ከሥራችን የምንወደው ጊዜ ቢኖር ይህ ነው።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ የሚያውቁን ሰዎች መንገድ ላይ እያስቆሙ «እናንተ እኮ ገመዱን ታውቁታላችሁ፤ አንድ ነገር አድርጉ እንጂ» ይሉን ነበር። የእኛ ሥልጣን ከኮርኒስ በላይ ብቻ እንደሆነ ማስረዳት ከባድ ነበር።

አሥራ አንዱ ቀዳዳ

ይህን ጽሑፍ የጀመርነው እንዲያውም ለዚህኛው ጉዳይ ነበር፤ ትሬይ ምን እንደሆነ ካላስረዳን አይገባም ብለን ነው ያረዘምነው።

ከእነዚህ ሁለት ከተሞች በአንዱ (በየትኛው እንደሆነ አንናገርም፤ መሥሪያ ቤቱንም አንጠራም) ተሠርቶ ያለቀ ሕንፃ ላይ ፋይበር ልንዘረጋ ከዋናው ተቋራጭ ንዑስ ሥራ ወሰድን። ትሬዩን ቀድሞ የገጠመው ሌላ ቡድን ነው። ትሬዩ ከኳድሮ ክፍሉ ተነስቶ የሚያልፈው በመዝገብ ቤቱ ውስጥ ነው። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ያለው ደግሞ የገበሬው የመሬት ይዞታ ፋይል ነው፤ ካርቶን በካርቶን ላይ፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ፣ ወረቀት። ስንት ወንድማማች ችሎት የቆመበት፣ ስንት ሽማግሌ አሻራውን የተወበት ወረቀት። አብዛኛው ቅጂ የለውም።

ትሬይ ግድግዳ አልፎ ሲሄድ ቀዳዳው እሳት በማያሳልፍ ነገር መደፈን አለበት፤ በድንጋይ ጥጥ፣ ከላዩም በእሳት መከላከያ ማጣበቂያ። አለዚያ ግድግዳው ለእሳት በር አለው ማለት ነው። ይህን ዓለም የተማረው በውድ ነው። መጋቢት 13 ቀን 1967 ዓ.ም. በአሜሪካ አላባማ ብራውንስ ፌሪ በሚባል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ፣ ሠራተኞች ኬብል ትሬይ የሚያልፍበት ቀዳዳ አየር ያስገባ እንደሆነ በሻማ ነበልባል ይፈትሹ ነበር። መድፈኛው የሚቀጣጠል ስፖንጅ ነበርና ሻማው ያዘው። እሳቱ በቀዳዳው ወደ ማዶ አለፈ፣ ትሬዩን ተከትሎ ሄደ፣ ሰባት ሰዓት ያህል ነደደ፣ ከ1,600 በላይ ኬብሎችን ጎዳ። አንዲት ቀዳዳ!

እኛ ፋይበሩን ለማሳለፍ የመዝገብ ቤቱን ቀዳዳ ስንከፍት በላዩ ስስ የጂፕሰም ልስን ነበረ። በጣት ገፋ ስናደርገው ተሰነጠቀ። ከውስጡ የወጣው የሲሚንቶ ከረጢት ነው። የተጨማደደ የወረቀት ከረጢት፣ ጽሑፉ ሳይቀር የሚነበብ። ሌሎቹንም ነካካን፤ በሕንፃው ሁሉ 11 ቀዳዳ፣ 11ዱም ያው ነው። ክፍያ መጠየቂያው ላይ ግን «በእሳት መከላከያ የተደፈነ» ተብሎ በቁጥር ተጽፏል።

ሥራችንን ስንጨርስ የርክክቡ ወረቀት መጣ። ከዝርዝሩ መካከል የቀዳዳዎቹ መደፈን አለ፤ ከሥሩ የመጨረሻውን ገጣሚ ፊርማ ይጠይቃል፤ የመጨረሻዎቹ ገጣሚዎች ደግሞ እኛ ነን። ካልፈረምን የቀረው ክፍያችን አይለቀቅም። «እናንተን የሚመለከተው ፋይበሩ ነው፤ ይኼ ፎርማሊቲ ነው» ተባልን።

ያን ምሽት አራታችን የተነጋገርነውን እዚህ ሁሉን አንጽፈውም። ከመካከላችን አንዱ አራስ ሚስት ነበረችው። ሌላው «ካልፈረምን ሁለተኛ ሥራ የሚሰጠን የለም፤ ከተማዋ ትንሽ ናት» አለ፤ እውነቱን ነው። ሌላው ዝም ብሎ ቆይቶ «የአባቴ ፋይል እዚያ ካርቶን ውስጥ ነው» አለ። በሕግ ብናየውም ነገሩ ግልጽ ነበር፤ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር፤ ከዚያም በፊት የሕንፃ ኤሌክትሪክ ሥራ ኮድ በ1995 እ.ኤ.አ. ታትሞ ነበር። አዋጁን የሚያነብ ግን መሰላል ላይ አይወጣም፤ መሰላል ላይ የሚወጣውም ወር ቤት ኪራይ አለበት።

አልፈረምንም። ፋይበሩን በተመለከተ ለብቻው ጽፈን ፈረምን፤ ስለ ቀዳዳዎቹ ያየነውን በአንድ ገጽ ጽፈን አያያዝን። ገጹ የት እንደደረሰ አልሰማንም። ክፍያው ቆመ።

ነገሩን ያነቃነቁት እኛ ሳንሆን የመዝገብ ቤቷ እትዬ ናቸው። ያን ቀን ከረጢቱ ሲወጣ እዚያው ቆመው ነበር። ምንም አላሉም፤ ከረጢቱን አነሱና አራግፈው፣ አጣጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። ለካ እንደ ማንኛውም ሰነድ ቀንና ቦታ ጽፈውበት፣ ቁጥር ሰጥተው መዝገብ አስገብተውታል! ከሦስት ወር በኋላ የንብረት ቆጠራ ኮሚቴ ሲመጣ «ይህንንም ቁጠሩልኝ» ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ኮሚቴው ምንድን ነው ሲል «ግድግዳችን ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ መሰላል መጣ። ሰው ወጣ፤ ገፋ አድርጎ አየ፤ ወረደ፤ ሌላ ሰው ወጣ። ስብሰባ ተደረገ። ተቋራጩ እንዲደፍን ታዘዘ፤ ድንጋይ ጥጡ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መንገድ ተዘጋ፤ ተከፈተ፤ መጣ። እንድንደፍን የተጠራነውም እኛው ነን፤ በአካባቢው ሌላ የሚያውቀው አልተገኘም።

እስካሁን ሰባቱ ተደፍነዋል። መጀመሪያ የተደፈነው የመዝገብ ቤቱ ነው፤ እትዬ ቆመው አስደፍነው፣ በጣታቸው ገፋ አድርገው፣ አልንቀሳቀስ ሲላቸው ሻይ አስመጡልን። አራቱ ቀርተዋል፤ ማጣበቂያው አልቆ ግዢ ላይ ነው ተብለናል። ከቀረው ክፍያችን ግማሹ ተለቅቋል። ሌላውን ግማሽ «አራቱ ሲያልቅ» ብለውናል። ሰኞ ዳንግላ የዓመት ጥገና ስላለን ወደዚያ እንወርዳለን፤ ኮርኒስ ማንሳት፣ አቧራ መጥረግ፣ የላላ ዳዶ ማጥበቅ፣ የዛገውን መቀባት ነው። ሁለት ቀን ይፈጃል።